ያልተወረወረችው ኳስ

የቤዝቦል ተጫዋቹ ዌንዴል ክራውስ ለመቺው ኳስ ከመወርወሩ በፊት የማይተዋት አመል ነበረችው። ከሚወረውርበት የአፈር ጉብታ ይወርዳል፤ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ይጠርጋል፤ ኳሷን ያሻሻታል፤ ሰማዩን አየት ያደርጋል። በኦሃዮ ትንንሽ ከተሞች እንዲህ ሲወረውር ጎለመሰ፤ ቸኩል ያለው አልነበረም። ኋላ ግን ጨዋታው ተንዛዛ፣ ተመልካቹም አዛጋ ተባለና ሜዳው ዳር ወደ ታች የሚቆጥር ትልቅ ሰዓት ተተከለ። ዜሮ ሳይገባ ያልወረወረ ይቀጣል።

በዚህ ወር ሰዓቱ ደጋግሞ ቀደመው። ጠዋት አሰልጣኙ ለብቻው ጠርቶ፣ "ስማ ዌንዴል፣ እወድሃለሁ። ግን ዛሬም በሰዓቱ ካስቀጣኸኝ ሻንጣህን ሸክፍ" አለው።

ይኸው አሁን ጨዋታው ሊያልቅ አንድ መቺ ብቻ ቀርቷል። የዌንዴል ቡድን በአንድ ነጥብ ይመራል፤ ከባላጋራው ወገን አንዱ ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ሆኖ፣ ሮጦ ነጥቡን አቻ ለማድረግ ያቆበቁባል። ዱላውን ይዞ የቀረበው ከርቲስ ሃልደማን ነው፤ ድሮ በአንድ ቡድን ሳሉ አውቶቡስ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው እየተኙ አገር ያካለሉ ጓደኛው። እሱም አመል አለበት፤ በየውርወራው መሃል የጓንቱን ማሰሪያ ይፈታል፣ ያስራል፣ ደግሞ ይፈታል።

"ሁለት ቀንድ አውጣ ተገናኘ!" አለች ከተመልካቹ መሃል አንዲት ሴት ቋሊማዋን እያኘከች።

"አንተ ሽማግሌ፣ ልጄን ድሬ ልምጣ?" ጮኸ ሌላው።

ዌንዴል አልሰማም። እጁ ኮፍያውን ፍለጋ ሽቅብ ሲል መለሰው። ወረወረ፤ ከርቲስ ሳተ። ቶሎ ደገመ፤ አሁንም ሳተ። ሦስቴ የሳተ መቺ ይወጣል፤ ለከርቲስ አንድ ጊዜ ብቻ ቀረው። ላብ የዌንዴል ዓይን ውስጥ ገባ፤ አልጠረገውም። ሰዓቱ ይቆጥራል። ኳሷን ጨብጦ ቀና ሲል ከርቲስ አጎንብሶ ማሰሪያውን ይፈታል።

ሰዓቱ መቺውንም አይምርም፤ ስምንት ሰከንድ ሲቀር ካልተዘጋጀ እንደሳተ ይቆጠርበታል። ከርቲስ ረስቶታል። ዌንዴል አንድ እግሩን ከጉብታው ቢያወርድ ሰዓቱ እንደ አዲስ ይጀምር ነበር፤ ሕጉ ለአንድ መቺ ሁለቴ ይፈቅድለታል። እግሩን ሊያነሳ አሰበ። አሰልጣኙ ትዝ አለው። ሻንጣው ትዝ አለው። አሥር። ዘጠኝ። እግሩ አልተነሳም።

ዳኛው እጁን አነሳ። "ወጥተሃል!"

ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ከርቲስ ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ፤ "ወረወርክ እንዴ?"

"አልወረወርኩም።"

ከርቲስ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ የዌንዴልን እግር። "ማውረድ ትችል ነበር።"

"እችል ነበር።"

"እኔም ብሆን አላወርድም" አለና ዱላውን እየጎተተ ሄደ።

አሰልጣኙ ሮጦ መጥቶ አቀፈው። "ጎበዝ! የትም አትሄድም!" ዌንዴል ግን አንድ ቦታ መቆም አቃተው፤ ጉብታው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ኳሷ እጁ ውስጥ ሞቃለች። ኳስ ተቀባዩ ራሚሮ ጭንብሉን አውልቆ ሊያቅፈው ሲመጣ በእጁ አስቆመው።

"ቦታህ ተመለስና ተቀመጥልኝ። ይቺን ልወርውራት።"

"አብደሃል? አልቋል እኮ!"

"አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ተቀመጥ።"