የእማማ ወርቄ እዝን

ፊሊጶስ በያዘው የፌሮ ብረት የድንኳኑን ምሰሶ ሲመታው ለቀስተኛው ሁሉ ደነገጠ።

«ሦስት ቀን ሞላው! የወጌ ደም ገና አልደረቀም፤ ገዳዩ ሆስፒታል ተኝቶ በፖሊስ ይጠበቃል፤ ቤቱም እንዳማረበት ቆሟል! ጋሼ ቦጋለ፣ አንድ ቃል ብቻ በለን። ቤቱን ከነእናቱ እናቃጥለዋለን!»

ከኋላው ሰባት ስምንት ጎረምሶች ቆመዋል፤ ሁሉም ከሟቹ ከወጋየሁ ጋር ለቡ መብራት ኃይል ላይ ሲሚንቶና ብረት ሲያወርዱ የኖሩ ናቸው። ፊሊጶስ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ነው። ቃል የሚጠብቁት ከሟቹ ታላቅ ወንድም ከዶክተር ቦጋለ ነው፤ የቤቱ ታላቅ እሱ ነዋ! እሱ እሺ ካለ ቤቱ ይቃጠላል፤ እምቢ ካለ ይቀራል።

ቦጋለም እሺ ለማለት ምንም አልቀረውም። እውነቱ ይኸው ነው፣ ምን ይደበቃል! የታሪክ ሊቅ ነው፤ ሃያ ዓመት የቅዱሳንን ገድል እያገላበጠ የቱ እውነት፣ የቱ ጭማሪ እንደሆነ ሲለይ የኖረ፣ እግዚአብሔርንም በዚያው ከጭማሪው ጋር የጣለ ሰው ነው። ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ ግን የሚያስበው ስለ እሳት ብቻ ነበር።

«አይ ወጌ!» አለች ጎረቤታቸው ውዳሴ ደረቷን እየደቃች። «ሊሞት ሲል እኮ ገዳዩን ይቅር ብሎታል። ፊቱ ላይ ብርሃን ሲወርድ አይተናል!»

«ስሚኝ ውዳሴ» አለ ቦጋለ። «በሦስተኛው ቀን ብርሃን ካወረድሽለት፣ ለአርባው ክንፍ ልታበቅይለት ነው። ወንድሜን አውቀዋለሁ። ይቅርታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።»

አልዋሸም። ወጋየሁ በልጅነቱ ጎፋ ሳሉ ብይ የቀማውን ልጅ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ አግኝቶ በጥፊ ያጮለ ሰው ነበር። ሰፈሩ «ወጌ መዶሻ» ይለው ነበር። በአባታቸው ተዝካር ዕለት ሰክሮ የቦጋለን ሁለት የፊት ጥርስ አውልቋል፤ በማግስቱም አንዲት የይቅርታ ቃል አልወጣችውም። ከአራት ዓመት በፊት ግን ድንገት ቤተ ክርስቲያን መሳም ጀመረ። መጠጥ ተወ። አንድ እሑድ መጥቶ የቦጋለ እግር ላይ ወደቀና፣ «ጋሼ፣ ስለ ጥርስህ ይቅር በለኝ። እኔ አይደለሁም፣ ክርስቶስ ነው ያመጣኝ» አለው። ቦጋለ ሳቀበት። «አንተ ከጸደቅህማ ሲኦል ኦናውን ሊቀር ነው!» ወጌ አብሮ ሳቀ። ድሮ ቢሆን ወንበር ያነሳ ነበር።

«ሙሄ» ሲል ተጣራ ቦጋለ። ባለሱቁ ሙሄ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ሦስቱንም ቀን መጥቶ አንድ ቃል አልተነፈሰም። «ጸቡ የተነሳው ሱቅህ ደጅ ነው። አንተ ደግሞ ሙስሊም ነህ፤ የእኛ ጻድቅ ቢበዛም ቢያንስም ግድ የለህም። እስቲ ንገረኝ፣ ብርሃን አየህ?»

«የምን ብርሃን ዶክተር? ደም ነው ያየሁት።»

ሙሄ ቀጠለ።

«ወጌና በፍቃዱ ጭነት የማውረድ ተራው የእኛ ነው፣ የእኛ ነው ተባባሉ። በፍቃዱ አካፋ አነሳና የወጌን ጭንቅላት አለው። ወጌ ወደቀ። ከዚያ ሰዉ በፍቃዱ ላይ ተረባረበበት፤ በፌሮ፣ በድንጋይ… አጥንት ሲሰበር ይሰማል። ወጌ በደረቱ እየተሳበ መጥቶ ላዩ ላይ ተኛበት። ጭንቅላቱ እንደተከፈተ! ለበፍቃዱ የተሰነዘረው ሁሉ እሱ ላይ አረፈ።» ሙሄ ጫማውን አየ። «እኔም ረግጫለሁ። ወላሂ፣ በፍቃዱን ነበር የፈለግሁት፤ እግሬ ያረፈው የወጌ ጎን ላይ ነው። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ‹ይቅር ብዬዋለሁ። ጋሼን ንገርልኝ፣ እንዳይነኩት› አለኝ። እንዴት ልንገርህ? አንተስ ምን ስታደርግ ነበር ብትለኝ?»

ፊሊጶስ የያዘውን ፌሮ አየና ፊቱን አዞረ።

ራሱን የሚያሳፍር ነገር የሚናገር ምስክር አይዋሽም፤ ቦጋለ ለተማሪዎቹ ሁልጊዜ የሚላቸው ይህንኑ ነበር። ታዲያ ያ ቂመኛ፣ ለአንዲት ብይ ሃያ ዓመት ያደፈጠው ሰው፣ ይህን ከየት አመጣው? ከራሱ አላመጣውም። በውስጡ እንዳልነበረ ቦጋለ ከማንም በላይ ያውቃል። የሰጠው አለ። ማን እንደሰጠውም ወጌ በገዛ አፉ ነግሮት ነበር።

«ማን አስገባት?» የሚል ጩኸት ተሰማ። የበፍቃዱ እናት እማማ ወርቄ በሰፌድ ዳቦ ይዘው መግቢያው ላይ ቆመዋል። ጎረቤት ለሐዘንተኛ እዝን ያደርሳል፤ እሳቸውም ጎረቤት ናቸው። ግን ደም የተቃባ አብሮ አይበላም፤ የገዳይ ቤት እህል የቀመሰ ደሙን ተወ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ በድንኳኑ ውስጥ አልነበረም።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ።

ፊሊጶስ ሰፌዱን በቡጢ አለው። ዳቦው አፈር ላይ ተንከባለለ። ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምዝዞ ከምሰሶው ጋር አጣበቃቸው። አሮጊቷ አንዴ ሲጥ አሉና ትንፋሻቸው ጠፋ።

«በለን ጋሼ! አሁን በለን!»

ቦጋለ ተነሳ። ምላሱ ላይ የነበረው «በላት» የሚል ቃል ነበር፤ እጁንም አሳከከው። ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሆዱ ጸለየ፣ ጸሎት ከተባለ፦ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ይቅርታ የለኝም። ለወጌ የሰጠኸውን ስጠኝ። ቶሎ በል፣ ሊገድላቸው ነው።»

«ልቀቃቸው!» ብሎ ጮኸ። «ልቀቃቸው ነው የምልህ!»

የፊሊጶስ እጅ ላላ። አሮጊቷ እየሳሉ ተዝለፍልፈው ተቀመጡ። ቦጋለ ጎንበስ ብሎ ዳቦውን አነሳ፤ አላራገፈውም። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለ ጮክ ብሎ፣ አማተበም። ውዳሴ አፏን በእጇ ያዘች። ገመጠ። አሸዋው አፉ ውስጥ ተንቋቋ። እንባው እየወረደ አላመጠና ዋጠ።

ከዚያ አንድ ቁራሽ ቆርሶ ወደ ፊሊጶስ አፍ ዘረጋ።

«አልበላም! ጋሼ፣ አልበላም!»

«በሞቴ።»

ፊሊጶስ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ቦጋለ እጁን አላጠፈም፤ ክንዱ እስኪዝል ዘርግቶ ጠበቀው። በመጨረሻ ፊሊጶስ ስቅስቅ ብሎ እያለቀሰ አፉን ከፈተ።