ኪያንቲ ይዘው የሄዱት ሽማግሌ

አቶ ይርጉ የአቤልን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ሸምድደው ነበር ስካይዌይ ሰፈር ካለው የልጅቷ ወላጆች ቤት የደረሱት። ጎረቤታቸው አቤል ሠርካለምን እንዲጠይቁለት ሽማግሌ አድርጎ ሲልካቸው፣ «አባቷ ወይን ይወዳሉ» ብሎ አንድ ጠርሙስ የጣልያን ቀይ ወይን አስያዛቸው። አባትየው አቶ ሀይለየሱስ ጡረታ ወጥተው የወይን ክላስ ከጀመሩ ወዲህ ውሃ እንኳ ሳያሸቱ እንደማይጠጡ ግን አልነገራቸውም።

አቶ ይርጉና አብረዋቸው የመጡት አቶ ተክለ ጻድቅ እንደ ወጉ በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ሀይለየሱስ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። የመጣነው ስለ ልጅዎ…» አሉ አቶ ይርጉ።

የአቶ ሀይለየሱስ ዓይን ግን ጠርሙሱ ላይ ነበር። «ከየት ነው?»

«ከደህና ቤተሰብ ነው። አባቱ…»

«ወይኑን ነው የምልዎት።»

አቶ ይርጉ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። «ኪያንቲ ይላል።»

«የቶስካና ወይን» አሉ አቶ ሀይለየሱስ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው። «እኛ እዚህ ቤት የፒዬሞንት ሰዎች ነን፤ የዚያን አገር ወይን፣ ባሮሎን ነው የምንጠጣው። ባሮሎ ጭጋግ ያሳደገው፣ ኮስታራ ወይን ነው፤ ዓመታት ካልቆየ አያናግርም። ኪያንቲ ገና ሲከፈት ያወራል። ኮምጠጥም ይላል።»

አቶ ይርጉ ስለ ወይን የሚያውቁት ቀይና ነጭ መኖሩን ብቻ ነው። ቢሆንም ይዘውት የመጡት ሲነቀፍ ዝም ማለት ለሽማግሌ ነውር መሰላቸው።

«ተጫዋች መሆኑ ምን ክፋት አለው? ኮምጣጣነቱም የዕድሜ ነው፤ ትዳር ሲይዝ ይተወዋል።»

«እውነት ለመናገር» አሉ አቶ ተክለ ጻድቅ ቀስ ብለው፣ «እኔም ባሮሎ ይሻለኛል።»

አቶ ይርጉ ዞረው አዩአቸው። «እርስዎ የማን ሽማግሌ ነዎት?»

ክርክሩ ረዘመ፤ የሽማግሌዎቹ እግር በመቆም ብዛት መደንዘዝ ጀመረ። በመጨረሻ ሠርካለም ከጓዳ ወጣች።

«አባዬ፣ አቤልን እሺ ብዬዋለሁ። ሶ፣ ወይኑን ክፈቱት።»

«ኦኬ፣ ግን ከመቀዳቱ በፊት አየር አግኝቶ ትንሽ ይተንፍስ» አሉ አባቷ።

«ወይኑስ ይተንፍስ፤ ሰዎቹ ናቸው የታፈኑት» አሉ እናቷ ወይዘሮ የውብዳር፣ ዶሮ ወጡን ይዘው እየገቡ።

ተቀመጡ። አቶ ሀይለየሱስ ብርጭቋቸውን አዟዟሩ፣ አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ጣሪያውን አዩ። ከዶሮው ጎረሱና ደገሙ። ከዚያ ብርጭቋቸውን እንዲሞላላቸው ወደ ጠርሙሱ አስጠጉ።

ልጅቷም ተፈቀደች፤ መቼ እንደተፈቀደች ግን ማንም አላስተዋለም፤ አቶ ሀይለየሱስ ያኔ ስለ ሲሲሊ ወይኖች ማስረዳት ጀምረው ነበር።