ከንቲባውን የያዘው ሽብልቅ

ሜርል ከቤቷ ሁሉ አብልጣ የምትወደው የወለሉን ማዘንበል ነበር። በምትኖርበት ከተማ፣ ሜሪቦሮ ውስጥ፣ አሮጌ ቤት ሁሉ የሚቆመው በእንጨት ምሰሶ ላይ ነው፤ ምሰሶው በጎርፍና በምስጥ ሲሰምጥ ቤቱም አብሮ ያዘነብላል። የእሷ ቤት ያዘነበለው ወደ ማድ ቤት ነው። ከምሳ በኋላ ባሏ ክላይቭ ዕቃ ሲያጥብ እሷ ሳሎን ተቀምጣ፣ «ያዝ፣ መጣልህ!» ብላ መንደሪን ወለሉ ላይ ትለቃለች። መንደሪኑ ተንከባልሎ ተንከባልሎ እግሩ ሥር ይቆማል። እሱም ይልጥና ግማሹን ይዞላት ይመጣል። እንዲህ ሲሉ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሩ።

ያው ወለል ግን ለዓሣው ገንዳ አልተመቸም። አራት መቶ ሊትር ውሃ የያዘ መስታወት በዘመመ ወለል ላይ ማቆም መዓት መጥራት ነው። ስለዚህ ክላይቭ ረጅም ሽብልቅ ጠርቦ በማድ ቤት በኩል ባሉት ሁለት የመቆሚያው እግሮች ሥር ቸነከረው።

«ለጊዜው ነው፤ ከገና በኋላ ወለሉን አስተካክለዋለሁ» አላት።

የትኛው ገና እንደሆነ አልተናገረም። ሰውየው ሥራ በማሳደር እንከን አይወጣለትም ነበር።

ገንዳው ውስጥ የሚኖረው አንድ ሽማግሌ አምባዛ ነው። ቀኑን ሙሉ ግንድ ሥር ተጋድሞ ጢሙን ከማወዛወዝ በቀር ሥራ ስለሌለው «ከንቲባው» የሚል ስም አወጡለት።

ክላይቭ በየካቲት ሞተ። በሰኔ የቤቱን ምሰሶ መቀየር ግድ ሆነ፤ ምስጥ ጨርሶት ነበር። ሥራውን የያዘው የክላይቭ አብሮ አደግ አናጢው ኔቪል ነው። ከንቲባው ለአንድ ሳምንት ወደ ገላ መታጠቢያው ገንዳ ተዛወረ፤ ቤቱ በክሪክ ተነሣ፤ የብረት ምሰሶ ገባለት፤ ወለሉም ቀና። ሜርል ግን መቆሚያውን ከነሽብልቁ ወደ ቦታው አስመልሳ ውሃውን ሞላች።

በማግስቱ ጠዋት ኔቪል ሻይ ሊጠጣ ገባና ኩባያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ውሃው ከማድ ቤቱ ተቃራኒ፣ በመንገዱ በኩል፣ ሊፈስ አንድ ጣት ቀርቶታል፤ በማድ ቤት በኩል አራት ጣት ጎድሏል። መቆሚያው ሲጥ ሲጥ ይላል።

«ሜርል፣ ይሄ ነገር ሊደረመስ ነው።»

«ዓሣው ዝም ብሎ አንተ ምን አገባህ?»

«ከንቲባ መቼ ተናግሮ ያውቃል! ሽብልቁን ላውጣው።»

«እንዳትነካው!»

ኔቪል ኩባያውን አስቀመጠ። ሜርል ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ኮቱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። መኪናውን ሸጥኩ። ወለሉን ደግሞ አንተ ወሰድክብኝ። እሱ በገዛ እጁ መትቶ እንደተወው የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው።»

«ገባኝ፤ ለኔም ወንድሜ ነበር» አለ ኔቪል። «ግን ነገ ከንቲባውን የምታገኚው ምንጣፍ ላይ ነው። ክላይቭ ይሄን ይወድልሻል?»

መቆሚያው እንደገና ሲጥ አለ። ከንቲባው ከግንዱ ሥር ወጥቶ ወደ ጥጉ ተጠጋ። ሜርል ሄዳ ባልዲ አመጣች።

የዓሣውን ጀርባ የሚሸፍን ያህል አስቀርተው ሌላውን ውሃ ቀዱት። ኔቪል መቆሚያውን በትንሽ ክሪክ በጥንቃቄ አነሣና ሽብልቁን ፈልቅቆ አወጣው። ገልብጦ አየው። ከዚያ ለሜርል ሰጣት።

ከእግሮቹ ጋር ተጣብቆ የኖረው ገጽ ትናንት የተጠረበ ይመስላል። በክላይቭ ጠማማ የእርሳስ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ለጊዜው ነው። ወለሉ ሲቃና ይውጣ። ሜርል፣ አትጨቅጭቂኝ!»

ሜርል እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመና እንባው ብቻ ቀረ።

«አየኸው? ከሞተም በኋላ መልስ አያጣም!»

ኔቪል መቆሚያውን አውርዶ ውሃ ልኩን አስቀመጠበት። አረፋው መሐል ላይ ቀጥ አለ። ገንዳውን መልሰው ሲሞሉት ውሃው ዙሪያውን እኩል ቆመ፤ ከንቲባውም ምንም እንዳልተፈጠረ ግንዱ ሥር ተጋደመ።

ኔቪል ኩባያዎቹን ሊያጥብ ማድ ቤት ገባ። ሜርል የውሃውን ድምፅ ስትሰማ፣ እጇ ሳታዘው ከሳህኑ ላይ መንደሪን አነሣና ወለሉ ላይ ለቀቀ።

«ያዝ፣ መጣልህ!»

መንደሪኑ ሁለት ስንዝር ሄዶ ቆመ።

«ምን አልሽ?» አለ ኔቪል ከውስጥ።

«ምንም» አለች። ተነሥታ መንደሪኑን ከመሐል ወለል አነሣችው፤ ላጠችው፤ ግማሹንም ራሷ ይዛለት ገባች።