ጭብጧ ውስጥ የነበረው ማተብ

ጭብጧ ውስጥ ማተብ ነበር! የአንዲት የሞተች ልጅ ጭብጥ ውስጥ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንዲት ሴትዮ በቀር ማንም አላወቀም። ወይኔ፣ ቆዩ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሸዋሮቢት አጠገብ ማሾ ሊለቅሙ የወጡ ሰዎች ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ አንገቷን ታንቃ ተገድላ አገኙ። ከጀውሃ እስከ ጣርማ በር ተጠየቀ፤ የኔ ናት ያለ ጠፋ። አንገቷ ላይ ማተብ ስለሌለ "በቃ የእስላም ልጅ ናት" ተባለ። ፖሊስ ጽፎ ሄደ። በዚያ ሙቀት ሬሳ አይቆይማ! የሰፈሩን ሴቶች ጀናዛ የሚያጥቡት ሳፊያ አጥበው ከፈኗት፣ ተቀበረች።

ዘምዘም የሳፊያ የልጅ ልጅ ናት፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ። ዘንድሮ አያቷ ታመው ልብስ ልታወጣላቸው ሳጥን ስትከፍት በጨርቅ የተጠቀለለ ጥቁር ክር አገኘች። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ ሌላ ቦታ ላይ ተበጥሷል።

"እማማ፣ ማተብ እኛ ቤት ምን ይሠራል? ሊጠመቁ ነው እንዴ?"

ሳፊያ አልሳቁም። "የዚያች ልጅ ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈትቼ ነው ያወጣሁት።"

"ለፖሊስ አልተናገሩም?!"

"አጣቢ ያየችውን አታወራም። አማና ነው፣ አደራ።"

"እሱ እኮ የሰው ነውር ለመሸፈን ነው! መገደል ነውር ነው?"

"ምላስሽ ይቆረጥ! ... ኋላ ለኔም ገባኝ። ግን ረፍዶ ነበር ልጄ፤ ደበቀች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።"

ዘምዘም የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ ገጥማ አንገቷ ላይ ለካችው። ደረቷ ላይ ወረደ። ለስድስት ዓመት ልጅማ እምብርቷን ያልፋል! የልጅቷ አይደለማ፤ ካነቃት ሰው አንገት ላይ በጥሳ ነው የያዘችው። ያቺ ሚጢጢ ታግላለች!

"እኔ ስሞት መቃብሯ ላይ ቅበሪላት" አሉ ሳፊያ። "አሁን ለፖሊስ ከወሰድሽው ግን እስር ቤት ነው የምሞተው።"

በማግስቱ ዘምዘም ክሩን ሒጃቧ ውስጥ ይዛ ፖሊስ ጣቢያው በር ድረስ ሄደች። ቆመች። ያ ልጅቷን ያነቃት ሰው ይሄኔ ከኋላዋ ገበያ ላይ ሽንኩርት እየመረጠ ይሆናል። ቤት ደግሞ አያቷ ውሃ የሚያቀብላቸው የለም። ልጅቷን እስከዛሬ በስሟ የጠራት የለም፤ ስሟን የሚያውቀው ምናልባት ያ ሰው ብቻ ነው።

ወላሂ እኔ አላውቅም። እናንተ ብትሆኑ ትገቡ ነበር ወይስ ትመለሱ? በናታችሁ ንገሩኝ!