ትርጉም አያስፈልገውም

አሰገደች አማርኛ አነሳት ብሎ የሚያማት የለም። መካኒሳ ቅመም ስትሸጥ በክርክር የረታት ደንበኛ አልነበረም። ሲከፋት ግን አማርኛው ጥሏት ይሄድና ጉራግኛው ይመጣል። ሀና ማርያም የነበረው ቤቷ ከጓሮ እንሰቱ ጋር ለመንገድ ተብሎ ሲፈርስ፣ ዳኛ ፊት ቆማ አፏ ተሳሰረ። መንግሥትን ከሰሰች፤ ውድቅ። ይግባኝ አለች፤ ውድቅ። ሰበር ደረሰች፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። መንገዱ እስካሁን አልተሠራም፤ ቦታው ጦሙን አድሯል። እሷም የምትፈልገው እዚያው መመለስን ብቻ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ሆና፣ በረንዳዬ ላይ ያልነገረችኝ ቀን የለም።

ጠበቃዋ ገሠሠ አንድ ቀን መጣ።

"እትዬ፣ የቀረን የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ነው። ፍርድ ቤት የጣለውን እንደገና አይዳኝም። ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ ግን ያየዋል።"

እሱ ሲወጣ አሰገደች ጉልበቴን መታ አደረገችኝ።

"አየሽ አምሳልዬ! ድሮም በአማርኛ አልወጣልኝም። አሁን በገዛ አፌ እናገራለሁ፤ እነሱ ያስተርጉሙ!"

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደችም። ምድር ቤት ያለውን ባለሱቅ፣ የአገሯን ልጅ ሃሩንን፣ አስተርጓሚ እንዲሆናት ለመነችው። ሃሩንም ኮቱን ላውንደሪ ሰጠ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው።

ገሠሠ የደወለ ዕለት ስልኩን ላውድ አድርጋው ነበር።

"እትዬ፣ ምክር ቤቱ ወሰነ። ትርጉም አያስፈልገውም ብሏል..."

ቀሪውን እልልታዋ ዋጠው። ጎረቤት ሁሉ በር ከፍቶ ወጣ፤ ሃሩንም ከሱቁ ሮጦ መጣ።

"ሳይተረጎም ገባቸው! አምሳለ፣ ገባቸው እኮ! ሃሩን፣ አገር ቤት ደውል፣ የእንሰት ችግኝ ይላክልኝ!"

ስልኩን ተቀበልኳት። ገሠሠ "አዝናለሁ" ይላል። ከዚያ በላይ ደጃፍ የለም፣ አለኝ። ምናለ ሌላ ቃል በመረጡ! ከዚያ ሁሉ የሕግ ቃል መሀል ይቺን! ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ትስማ ብዬ ቁርጡን ነገርኳት።

"አሰጉ፣ አልገባቸውም። ምክር ቤቱ አናየውም አለ። አለቀ ማለት ነው።"

ቀስ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በጉራግኛ መናገር ጀመረች። ሃሩን ሊያስረዳኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ሲል በእጄ ከለከልኩት። ቋንቋውን አልችልም፤ ያን ቀን ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።