ጨው ያልነካው መርፌ

ያልሠራውን ሥራ ሠርቻለሁ የሚል ሰው የሌላውን ድካም ይሰርቃል፤ በኋላ ጥፋቱን ቢናዘዝ እንኳ ከቅጣት አያመልጥም፤ ሊያመልጥም አይገባም።

ቴክኒሻኑ ዘረሰናይ የኃይሉን መቆጣጠሪያ ማዞር ጀመረ። ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ቤተ ሙከራ፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት የብረት ጋን ውስጥ ተንግስተን ከተባለ ጠንካራ ብረት የተሠራ፣ ጫፉ ለዓይን የማይታይ መርፌ ቆሟል። መርፌው ትናንት በጨው ትነት በስሱ መሸፈን ነበረበት፤ ዛሬ ደግሞ ብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ ያን ጨው ከብረቱ ላይ ሲነቅለው ሊታይ ነው። የተማሪዋ የሩሃማ የመመረቂያ ጥናት ይኸው ነው። ነገር ግን ትናንት ጨዉ ገና መሞቅ ሲጀምር መብራት ሄደ፤ ዘረሰናይም ወደ መሪ ሰፈር የሚወስደው ሰርቪስ እንዳያመልጠው ሁሉን ጥሎ ወጣ። ዛሬ ጠዋት ሲጠየቅ «ሸፍኜዋለሁ» አለ።

በማሳያው መስታወት ላይ የብረቱን ቅንጣቶች የሚያሳዩ የብርሃን ነጠብጣቦች ወዲያው በሥርዓት ተደረደሩ።

«በዚህ አነስተኛ ኃይል?» አሉ ዶክተር ጉደታ፣ የሩሃማ አማካሪ። «እንኳን ደስ ያለሽ! ጨዉ ከገመትነው እጅግ ቀድሞ ለቀቀ ማለት ነው።»

ሩሃማ ግን ፊቷ አልፈታም። «ዶክተር፣ እኔ ሲለቅ አላየሁም። ዘሬ፣ እውነት ሸፍነኸዋል?»

«ምነው ሩሂ! ልማልልሽ እንዴ?»

«መሐላህን ለራስህ ያዘው። እኔው ራሴ እሸፍነዋለሁ።»

«የምሥራች የማትቀበል ተማሪ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ ዶክተሩ እየሳቁ፤ ሆኖም ፈቀዱላት።

ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ተዘግቶ ሙከራው እንደገና ተጀመረ። አሁን በመስታወቱ ላይ የታየው ቅርጽ የለሽ፣ የሚርገበገብ ጭጋግ ነበር። ዘረሰናይ ኃይሉን ጠዋት ካደረሰበት አደረሰው፤ ጭጋጉ አልለቀቀም። ጨመረ። አሁንም ጨመረ። ድንገት ጭጋጉ ከመሐሉ ተቀደደ፤ እጅ ሳይነካው፣ ውሃ ሳያጥበው፣ ጨዉ ከብረቱ ላይ ተገፎ ሄደ። ከሥሩም የብረቱ ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው ለየብቻ እያበሩ፣ ክብ በክብ ተሰልፈው ወጡ።

«ጌታ ሆይ!» አለች ሩሃማ በሹክሹክታ። «ይህ ሁሉ በመርፌ ጫፍ ላይ?»

ዘረሰናይ እጁን ከመቆጣጠሪያው አነሳ። በዚህ ግርማ ፊት ነበር ለሰርቪስ ብሎ የዋሸው። ዝም ቢል የሚያስገድደው አልነበረም።

«የጠዋቱን መርፌ ጨው አልነካውም» አለ። «መብራት ሲሄድ ትቼው ወጣሁ። ዋሽቻችኋለሁ።»

ዶክተር ጉደታ እጃቸውን ዘረጉ። «የቤተ ሙከራውን ቁልፍ አምጣ።»

አውጥቶ ሰጣቸው። በማግስቱ ከሥራው ተሰናበተ።