ጥገትን ሊቀብር የነበረው ሰውዬ

ማኅተም ነው የሚሉት። ስሙ ሌላ ነው፣ ግን ያገኘው ወረቀት ላይ ሁሉ ማኅተም ካላሳረፈ እጁን ያሳክከዋል። የመዝገበ ቃላት ክፍሉ ኃላፊ እሱ ነው እንግዲህ። ታይፒስቷ ትምህርት ጨርሳ እዚህ ከገባች ገና አራት ወሯ ነው፤ እሱን ለመናቅ ግን አንድ ሳምንት በቅቷታል። ከረባቱን እንኳ ሚስቱ ናት የምታስርለት። ድንገት ከተፈታበት ቀኑን ሙሉ ኪሱ ከቶት ይዞራል።

ሰኞ ጠዋት "የሞተ" የሚለውን ቀይ ማኅተም ይዞ ጋሼ መሳቢያ ራስጌ መጥቶ ቆመ። ጋሼ መሳቢያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃል በካርድ እየጻፉ መሳቢያ ውስጥ ሲደረድሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሕጉን ያወጣው ራሱ ማኅተም ነው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ታትሞ ያልተገኘ ቃል ሞቷል፣ በሰው አፍ ላይ ያለ አይቆጠርም። አንድ መሳቢያ ውስጥ አሥር ቃል ከሞተ መሳቢያው ይዘጋል። ጋሼ የቀራቸው አንድ መሳቢያ ነው፣ እሱም ዘጠኝ ሬሳ ይዟል። እሱ ከተዘጋ እሳቸውም ወደ ቤት።

"ጥገት" አለ ማኅተም፣ ካርዱን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። "ምንድን ነው ደሞ ይሄ?"

"የወለደች ላም ናታ" አሉ ጋሼ። "ጥጃዋ ከሥሯ ያለ፣ የምትታለብ። ወተቷ ከነጠፈ ጥገት አትባልም።"

"አሁን ማን ነው እንደዚህ የሚለው?"

"እናቴ ትላለች" አለች ታይፒስቷ ጣቷን ከማሽኑ ሳታነሳ። "ጓሯችን ጥገት አለችን። ዛሬም ወተቷን ጠጥቼ ነው የመጣሁት።"

"እናትሽ ታትማለች?"

"አልታተመችም። ግን አልሞተችም።"

"እንግዲያው አትቆጠርም። እስከ ዓርብ የታተመ አምጡ፤ ካልሆነ እመታዋለሁ።" ብሎ ሄደ። እሱ ላም የሚያውቀው በወተት ቆርቆሮ ላይ ነው፣ ያውም ከጎኗ ተስላ።

"ተይው ልጄ" አሉ ጋሼ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተው። "እኔም ደክሞኛል።" ውሸታቸውን ነው። ቤት ቢገቡ ማን አላቸው? ድመት እንኳ የላቸውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ታይፒስቷ የአንድ ጋዜጣ ማስታወቂያ መቀበያ መስኮት ጋ ሄደች። "ጥገት ላም የምትሸጡ ደውሉልን" ብላ ጻፈች። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ስልክ ቁጥር ስትላት፣ ዓይኗን ሳታሽ የማኅተምን የጠረጴዛ ስልክ ሰጠቻት።

ረቡዕ ጋዜጣው ወጣ። ማኅተም ቀፎ ማንሳት ክብሩን ስለሚነካው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ክፍሉ በሙሉ ሰማ።

"ሃሎ፣ ጥገት ፈላጊው እርስዎ ነዎት?" አሉ አንዲት እናት።

"ተሳስተዋል።"

"ኧረ ምን ተሳስቼ። ሁለተኛዋን ነው የወለደችው፣ ጥጃዋ ገና ወር አልሞላትም።"

"እሜቴ፣ እንደዚህ የሚባል ቃል የለም።"

"ቃሉ ባይኖር ምን ቸገረኝ፣ ላሟ አለች።"

ጋሼ መሳቢያ ሳቃቸውን በመሀረብ አፈኑት። ስልኩ ግን አላባራ አለ። ሁሉም ጥገት፣ ጥገት፣ ጥገት። አንዱ ስለ ጡቷ ይምላል፣ አንዷ እንደማትራገጥ ቃል ትገባለች። ማኅተም ላብ በላብ ሆነ፣ ከረባቱም ተፈታ። ወደ ምሳ ሰዓት ግድም ደግሞ አንድ ነገረኛ ሰውዬ፣ "የኔዋ እንኳ ወተቷ ነጥፏል፣ ግን በዋጋ እንስማማለን" አለው።

"ከነጠፈች ጥገት አይደለችማ!" ብሎ ጮኸበት ማኅተም፣ ስልኩንም ዘጋው።

ታይፒስቷ ጋዜጣውን ማስታወቂያው ላይ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። "ይኸው ታትሟል" አለችው። "አፍ ላይ ያለው እንኳ አይቆጠርም፣ የእርስዎም ቢሆን።"

ጋዜጣውን ገልብጦ አየው፣ ቀኑን አየ፣ እሷን አየ። ራሱ ያወጣው ሕግ ነውና ወዴት ይሂድ? መቀስ አምጪ አለ። ማስታወቂያውን ቆርጦ ካርዱ ላይ ለጠፈና ሥሩ፣ "ያገኘው፦ የክፍሉ ኃላፊ" ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት። አያፍርም። የጋሼ መሳቢያ ግን ሳይዘጋ ቀረ፤ እሳቸውም እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው መልሰው አወጡ።

ከሰዓት በኋላ ማኅተም ተመልሶ መጣና ለጋሼ ጎንበስ ብሎ፣ "ለመሆኑ" አላቸው ቀስ ብሎ፣ "ወንዱስ ጥገት ምን ይባላል?"

ጋሼ ቀና አላሉም። "ለእሱ ገና ካርድ አላወጣሁለትም" አሉት።

ታይፒስቷ ግን የሚባለውን ታውቀዋለች፤ ማኅተም ነው የሚሉት። ቀና ብትል ከረባቱን በኪሱ ይዞ ፊቷ ቆሟል።